ውርጭና የመኪና መስተዋት፤ ከዶክተር ዌልስ መሐረብ እስከ ኤሌክትሪክ ሽቦ

ጤዛ ይወርዳል፤ ውርጭ ይወርዳል እንላለን። በዚህ አነጋገር ብቻችንን አይደለንም። በታኅሣሥ ማለዳ የደብረ ብርሃን ሜዳ ነጭ ለብሶ ያየ ሰው፥ ነገሩ ሌሊት ከሰማይ ተነስንሶ ያደረ ቢመስለው አይፈረድበትም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው አመዳይ የሚለው ቃልም በድምፁ አመድን ያስታውሳል፤ ከላይ የተበተነ ደቃቅ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ውርጭ ከሰማይ አይወርድም። የሚሠራው እዚያው በተገኘበት ዕቃ ላይ ነው፤ የሚሠራውም ዕቃው ራሱ በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ስለ ቀዘቀዘ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ደጅ ባደረ መኪና መስተዋት ላይ ውርጭ እንዳይሠራ ለማድረግ የሚያስችለው ዕውቀት የመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው። ዕውቀቱ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1814 ነው፤ ይኸውም አውቶሞቢል ከመሠራቱ ከ70 ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ሠሪዎች ያወጡት ገንዘብና ነጂዎች ያቃጠሉት ነዳጅ ግን በአመዛኙ የዋለው ውርጩን ለመከላከል ሳይሆን ከሠራ በኋላ ለማቅለጥ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ጉዳዩ ተራ የሚመስለው ካለ፥ ጠዋት ሥራ እንዳይረፍድበት ሲጣደፍ መስተዋቱን የመዳፍ ያህል ብቻ ፍቆ በዚያች ቀዳዳ እያጮለቀ የሚነዳውን ሰው ያስብ። ገና ዝቅ ብላ የወጣችው ፀሐይ ባልተፋቀው ውርጭ ላይ ስታርፍ መስተዋቱ በሙሉ ያንጸባርቃል፤ ነጂው ከጎን ገብታ መንገድ የምታቋርጠውን ተማሪ የሚያያት እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የብዙ ማለዳዎች ነገር ነው። እኛም ዘንድ በደጋው አገር አይታጣም፤ የሚገርመው ግን ወቅቱ ነው። አውሮፓ ክረምት ሲል የብርድን ወራት ማለቱ ነው፤ የእኛ ክረምት ግን የዝናብና የደመና ወራት በመሆኑ ውርጭ አያመጣም። ውርጭ የሚጠናብን በበጋ፥ ቀኑ በሚሞቅበትና ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ ነው። ገበሬው ማታ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ ለሰብሉ የሚሰጋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስጋቱ ሰማዩ ሲጠራ ይጨምራል፥ ደመና ሲያለብስ ይቀልላል።

አርስጣጣሊስ ይህንኑ ተመልክቶ ነበር። ጤዛና ውርጭ የሚሠሩት ሰማዩ በጠራ፥ ነፋሱም ጸጥ ባለ ሌሊት መሆኑን ስለ አየር ሁኔታ በደረሰው መጽሐፍ ጽፏል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ግን፥ ቀን ከምድር የተነሣው እንፋሎት ከፍ ብሎ መውጣት ሲያቅተው ሌሊት ተመልሶ ይወርዳል፤ ውሃ ከመሆኑ በፊት ከረጋ ውርጭ፥ ውሃ ከሆነ ጤዛ ይባላል አለ። ይህ አስተሳሰብ እጅግ ረዥም ዕድሜ ኖረ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ሊቃውንት ጤዛ ይወርዳል ወይስ ከምድር ይወጣል በማለት ሲከራከሩ፥ አንድ ነገር ሁለቱንም ወገኖች አስቸገራቸው። ብርጭቆና የተወለወለ ብረት ጎን ለጎን ደጅ ሲያድሩ፥ ብርጭቆው ጤዛ ይሞላል፤ ብረቱ ግን ደርቆ ወይም ለደረቅ የቀረበ ሆኖ ያድራል። ጤዛው የዝናብ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አንዱን አርሶ ሌላውን ባልተወ ነበር።

ሌላም እንቆቅልሽ ከህንድ መጣ። ሰር ሮበርት ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1775 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በአላሃባድ አካባቢ ሰዎች በጠሩ ሌሊቶች እንዴት በረዶ እንደሚሠሩ ገለጠ። ጠለል ያሉ የሸክላ ሳሕኖችን ገለባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ደርድረው ውሃ ያፈሱባቸዋል፤ ሲነጋ በረዶውን ይሰበስባሉ። አየሩ ግን ውሃ እስከሚረጋበት ደረጃ ያልቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ከአየሩ የበለጠ ውሃውን ያቀዘቀዘው ምንድር ነው?

መልሱን በአንድነት ያቀናበረው ሐኪም ነው። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ በ1757 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በቻርልስተን ከተማ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለደ፤ በለንደንም በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሠርቷል። ከእርሱ በፊት ሁለት ሰዎች መንገዱን ጠርገውለት ነበር። የጄኔቫው ፒየር ፕሬቮ በ1791 ማንኛውም አካል፥ ቀዝቃዛው ጭምር፥ ሳያቋርጥ ሙቀት በጨረር እንደሚሰጥና እንደሚቀበል አስተማረ። ስኮትላንዳዊው ጆን ሌስሊ ደግሞ በ1804 ባሳተመው መጽሐፉ የአካላት ገጽ በዚህ ረገድ እኩል አለመሆኑን፥ ማለት ጥላሸትና ብርጭቆ ብዙ ሙቀት ሲያፈልቁ የተወለወለ ብረት ጥቂት ብቻ እንደሚያፈልቅ በሙከራ አሳየ። ዌልስ ይህን ሁሉ ይዞ ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኝ በአንድ ወዳጁ የአትክልት ቦታ ሌሊት ሌሊት ተቀመጠ።

መሣሪያዎቹ ቴርሞሜትርና በሚዛን የተመዘኑ የሱፍ ጥጥሮች ነበሩ። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ጥጥሮችን አንዱን ከሰማይ ፊት ለፊት፥ ሌላውን ከሳንቃ ሥር ያሳድርና ሲነጋ ይመዝናቸዋል። ሰማይን ያየው በብዙ እጥፍ ከብዶ ይገኛል። ቴርሞሜትሩም ሌላውን እውነት ነገረው፤ ሣሩ የሚቀዘቅዘው ጤዛው ከወረደበት በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ጤዛ የብርድ ምክንያት ሳይሆን የብርድ ውጤት ነው። ሣሩ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ያፈልቃል፤ ሰማዩ በምላሹ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ሣሩ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ የነካው አየርም የያዘውን እንፋሎት ይለቅበታል። የህንዶቹ በረዶም፥ የብርጭቆውና የብረቱ ልዩነትም በዚሁ አንድ ምክንያት ተፈቱ። መጽሐፉ በ1814 ሲወጣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በረምፎርድ ስም የተሰየመውን ሜዳይ ሸለመው። ዌልስ ጤንነቱ ተቃውሶ ስለ ነበር መጽሐፉን ያወጣው በጥድፊያ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በ1817 ዐረፈ። (ይኸው ሐኪም በ1813 ባቀረበው ሌላ ጽሑፍ የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ ጠቁሞ ስለ ነበር፥ ዳርዊን ራሱ በኋለኛው የመጽሐፉ እትም ቀዳሚነቱን መስክሮለታል።)

ለእኛ ርእስ ዋናው ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኝ አንድ ኑዛዜ ነው። አትክልተኞች ለብርድ የማይበረቱ ተክሎቻቸውን ማታ ማታ በስስ ሰሌን ይሸፍኑ ነበር። ዌልስ ይህን እያየ ፈገግ ይል እንደ ነበር ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ስስ ነገር ተክሉን ከአየሩ ብርድ ሊያድነው አይችልም ብሎ ያስብ ስለ ነበር ነው። ነገሩን ከመረመረ በኋላ ግን ፈገግታው ከጎደለ ዕውቀት የመጣ ኩራት መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ሰሌኑ የሚከለክለው የአየሩን ብርድ አይደለም፤ ተክሉ ከሰማይ ጋር እንዳይተያይ ማድረጉ ነው እንጂ። ይህንንም ለመፈተን አንድ ስስ መሐረብ በአራት ቀጫጭን እንጨቶች ላይ ወጥሮ ከሣሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ዘረጋ። አየሩ በአራቱም ጎን እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር፤ ሆኖም ከመሐረቡ በታች ያለው ሣር በዙሪያው ከነበረው ሣር በግልጽ ሞቆ አደረ። እንዲያውም ጨርቁ ሣሩ ላይ ከተኛበት ይልቅ ከፍ ብሎ የተዘረጋበት የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

በበኩሌ በዚህ ሙያ የምንሠራ ሁሉ ይህን ምዕራፍ ብናነበው እወድ ነበር። አትክልተኛው ምክንያቱን ሳያውቅ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ሊቁ ምክንያቱን ከማግኘቱ በፊት ሥራውን ናቀ።

በዛሬ ቁጥር ብናሰላው፥ ስቴፋን በ1879 ባገኘው ሕግ መሠረት በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ፍጹም ጥቁር አካል ከአንድ ካሬ ሜትር 315 ዋት ያህል ያፈልቃል። መስተዋት ለዓይናችን ብርሃን አሳላፊ ቢሆንም ለዚህ ዓይነቱ የሙቀት ጨረር ግን ከጥቁር ሰሌዳ የማይሻል ድፍን ነገር ነው፤ ከዚህ ቁጥር ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ያፈልቃል። የጠራ ሰማይ ከሚመልሰው የሚያወጣው ስለሚበልጥ በየሰከንዱ ይከስራል። የመኪና መስተዋት ደግሞ ቀጭን ነው፤ ያጠራቀመው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ከሥሩም እንደ ሣሩ ሙቀት የሚያቀብለው መሬት የለውም። አየሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ ላይ ሳለ እንኳ መስተዋቱ ከ0 በታች ሊወርድ የሚችለው ለዚህ ነው። በዚያን ጊዜ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በመስተዋቱ ላይ ደንድኖ የላባ ቅርጽ ያለው ውርጭ ይሆናል። በመጀመሪያ ጤዛ ሆኖ ቆይቶ የረጋ እንደ ሆነ ደግሞ ለመፋቅ የባሰ ይጠነክራል።

ወደ መኪናው እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ክፍት ነበሩ፤ ብዙዎቹ የፊት መስተዋትም አልነበራቸው። ባለቤቶቹ ባለጸጎች ስለ ነበሩ መኪናው ሌሊት የሚያድረው እንደ ሠረገላ በቤት ውስጥ ነበር፤ በብርድ አገር ወራቱ እስኪያልፍ ድረስ ጨርሶ የሚያቆሙትም ነበሩ። ስለዚህ የውርጭ ችግር አልተሰማም። ችግሩን መጀመሪያ ያነሣችው ሴት እንኳ ያየችው በመኪና ሳይሆን በከተማ ባቡር ነው። የአላባማዋ ሜሪ አንደርሰን በብርድ ወራት ኒውዮርክን ስትጎበኝ፥ በረዶ አላሳይ ያለው ነጂ መስተዋቱን ከፍቶ ብርዱን እየተቀበለ ሲነዳ ተመለከተች። በ1903 ከውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ የፈጠራ መብት አገኘች። በ1905 ያቀረበችለት አንድ የካናዳ ድርጅት የንግድ ዋጋ የለውም ብሎ መለሰላት፤ መብቷም ምንም ሳያስገኝላት ጊዜው አለፈ። በየጋራዡ ስፓዞላ የምንለው ዕቃ ታሪክ ይህ ነው። ይሁን እንጂ መጥረጊያ ዝናብንና አዲስ የወረደን በረዶ ይጠርጋል እንጂ የተጣበቀን ውርጭ አያነሣም፤ ጎማው ተቀድዶ ይቀራል።

ነገሩን የለወጠው የመኪና መብዛት ነው። ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ መኪናዎች ሲሠራ፥ ጋራዥ የሌለው ሰውም የመኪና ባለቤት ሆነ፤ መኪናውም መንገድ ዳር አደረ። በዚያው ዘመን መኪናው ተዘጋ። በአሜሪካ በ1919 ከተሠሩት መኪናዎች ዝግ የነበሩት ከአሥር አንድ ያህሉ ሲሆኑ፥ በ1927 ከአሥር ከስምንት በላይ ሆነው ተገኙ። ዝግ መኪና ከብርድ ያድናል፤ ነገር ግን የተሳፋሪው ትንፋሽና የረጠበው ምንጣፍ እንፋሎት ውስጥ ይቀራል፥ ሌሊትም በመስተዋቱ የውስጥ ገጽ ላይ ይረጋል። ከዚህ በኋላ ነጂው በሁለት በኩል የሚፍቅ ሆነ።

ሦስተኛው ለውጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ግምት እሰጠዋለሁ። የሞዴል ቲ የፊት መስተዋት እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነበር። ቀጥ ያለ መስተዋት የሚያየው የሰማዩን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ መሬትን፥ ቤትንና ዛፍን ያያል፥ እነርሱም ሙቀት ይመልሱለታል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ፥ ክራይስለር በ1934 ኤርፍሎ የተባለውን መኪና ካወጣ ወዲህ በተለይ፥ ነፋስን ለመሰንጠቅ ሲባል መስተዋቱ ወደ ኋላ እየተጋደመ ሄደ። ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ መስተዋት የሰማዩን 93 በመቶ ያያል። የመኪናው ቅርጽ ነዳጅ ለመቆጠብ በተሻሻለ መጠን መስተዋቱ ለውርጭ ይበልጥ ተጋለጠ ማለት ነው። የጎን መስተዋቶች ንጹሕ ሆነው የፊተኛው ብቻ ነጭ ሆኖ የሚነጋበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ኢንዱስትሪው ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ ሙቀት ነበር። መጀመሪያ ከጭስ ማውጫው፥ በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከራዲያተሩ ሙቅ ውሃ የሚወስድ ማሞቂያ ተሠራ፤ በ1930ዎቹ ውስጥም ሞቃቱን አየር ወደ መስተዋቱ ግርጌ የሚያደርስ ቧንቧ ተጨመረ። ነገሩ መልካም ነው፤ ችግሩ ሙቀቱ የሚገኘው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፥ ማለት ነጂው ከሚፈልገው ሰዓት ዘግይቶ መሆኑ ነው። አገራችንም በብዛት የምታውቃት ኤሊ መሰሏ ቮልስዋገን ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ነበር፥ ሙቀቱን ያገኘችው ከጭስ ማውጫው ጋር በተያያዘ ቱቦ ነበር፤ በአውሮፓ ብርድ በዝግታ ሲነዷት የሚደርሰው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ ባለቤቶቿ መፋቂያ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ መጠበቅም መፍትሔ ሆኖ ቆየ፤ ነዳጅ ያባክናል፥ ጎረቤትን በጭስ ያስቸግራል፤ የጀርመን የትራፊክ ደንብ ያለ በቂ ምክንያት ሞተር አስነሥቶ መቆምን ይከለክላል።

የኬሚስቶቹ መንገድ ሌላ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ሁሉ የመርጊያውን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ራውል በ1880ዎቹ እንዳሳየው የሚቆጠረው የሟሟው ቅንጣት ብዛት ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፥ ማታ መስተዋቱን በኮምጣጤ ማሸት የሚባለው ምክር ብዙም አያስኬድም፤ የገበያ ኮምጣጤ 5 በመቶ አሲድ ብቻ በመሆኑ ራሱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ሽንኩርት ወይም ድንች ከሁለት ከፍሎ ማሸትም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም። የጨው ውሃ በእርግጥ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊቋቋም ይችላል፤ ግን ቆርቆሮውን ይበላዋል። አልኮል እጅግ በታች ስለሚረጋ የሠራን ውርጭ በፍጥነት ያሟሟል፤ ለመከላከያ ሲቀባ ግን ሌሊቱን ተንኖ ያልቃል። ቩርትስ በ1850ዎቹ የሠራው ግላይኮል፥ ዛሬ በአንቲፍሪዝ የምናውቀው፥ አይተንም፤ ነገር ግን መስተዋቱን ያደበዝዛል፥ መርዝም ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ለሕፃናትና ለእንስሳት የባሰ አደገኛ ነው። የፈላ ውሃ ማፍሰስን አለማንሣት ይሻላል፤ በቀዘቀዘ መስተዋት ላይ ድንገተኛ ሙቀት ስንጥቅ ያስከትላል።

በመጨረሻ ኤሌክትሪክ መጣ። የአውሮፕላን መስተዋትን በኤሌክትሪክ ማሞቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የዳበረ ጥበብ ነው። ለመኪና በመጀመሪያ የተስፋፋው በኋላ መስተዋት ላይ በምናያቸው መስመሮች ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ፎርድ በአውሮፓ መኪናዎቹ የፊት መስተዋት ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ያህል የቀጠኑ ሽቦዎችን አስገባ። ውርጩን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያነሣ ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ይህም ከሠራ በኋላ ማቅለጥ ነው።

ወደ መሐረቡ የተመለሱት ነጂዎች ናቸው፥ ሊቃውንቱ አይደሉም። በብርድ አገር ሰዎች ማታ ካርቶን፥ ብርድ ልብስ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ ሽፋን በመስተዋቱ ላይ ዘርግተው ጫፉን በበር ይቆነጥጣሉ። ከዌልስ ሙከራ የምንረዳው፥ የሽፋኑ ውፍረት ዋና ነገር አለመሆኑን ነው፤ ዋናው ሰማይን መጋረዱ ነው። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው፤ ጤዛ ከመጣ በኋላ የተዘረጋ ጨርቅ፥ ወይም ራሱ የረጠበ ጨርቅ፥ ከመስተዋቱ ጋር አብሮ ይረጋል። ጣሪያ ብቻ ያለው ዳስ፥ ቅጠሉ ያልረገፈ ዛፍ ወይም የረዥም ሕንፃ ጥግ በሌላ መንገድ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ለውስጠኛው ገጽ ደግሞ መኪናውን ከማቆም በፊት በሮቹን ጥቂት ከፍቶ እርጥቡን አየር በውጩ ደረቅ አየር መተካትና የረጠበውን ምንጣፍ ማውጣት ይበቃል።

ጉዳዩ በዛሬው ጊዜ እንደገና ክብደት ያገኘው በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መኪናዎች ምክንያት ነው። በእነርሱ ዘንድ ሞተሩ የሚጥለው ትርፍ ሙቀት አነስተኛ ስለ ሆነ፥ መስተዋት ለማሞቅ የሚወጣው ኃይል ከባትሪው፥ ማለት ሊጓዙት ከሚችሉት ርቀት፥ በቀጥታ ይቀነሳል። ፋብሪካዎቹ መኪናው በመስመር ላይ እንደ ተሰካ አስቀድሞ እንዲሞቅ ያደርጋሉ፤ መንገድ ዳር ያለ መሰኪያ ለሚያድር ግን ይህ አይረዳም፤ የሚረዳው ጨርቁ ነው። እርሱንም ጠዋት ሲያነሡ ውርጩን ደጅ አራግፈው፥ ከተቻለ በሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት ማኖር ይገባል፤ ከነውርጩ ታጥፎ በወንበር ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ቀን ቀልጦ ተንኖ፥ በሚቀጥለው ሌሊት በመስተዋቱ የውስጥ ገጽ ላይ ይገኛል።